ቆሮሶን ከውኃ ስር ፎቶ ለማንሳት

ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማንሳት ካማራችሁ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ግቡ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ውኃውም ገና አልተረበሸም። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ዳሩ ይደፈርሳል።

የካሜራውን ውኃ መከላከያ መጀመሪያ ባዶውን፣ ሶፍት ብቻ ከትታችሁ ንከሩት። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ እሰየው። የጎማ ቀለበቱንም በጣታችሁ ዳብሱት፤ አንዲት ፀጉር እንኳ ውኃ ታስገባለች።

ዋናው ነገር መቅረብ ነው። በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውኃ በበዛ ቁጥር ፎቶው ይደበዝዛል። ከአንድ ሜትር በታች ቅረቡ፣ ዙሙን እርሱት። የካሜራውን ፍላሽ አጥፉት፤ ብናኙን እንደ በረዶ ያበራዋል።

ዓሣውን ግን አታሳድዱት። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ከዚያ እየዞረ ይጠብቀዋል። ጎጆውን ካገኛችሁ ፈንጠር ብላችሁ ፀጥ በሉ፤ እግራችሁን አታንፈራግጡ። ቢሸሽም ራሱ ይመለሳል። ያኔ ከዓይኑ ትይዩ ሆናችሁ አንሱት። ከላይ ካነሳችሁት የሚታየው ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው።

አገጯ ያበጠ ሴት ካያችሁ እባካችሁ ተዉአት። እንቁላሎቿን ወይም ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛለች። ከተጨነቀች ልትተፋቸው ትችላለች። ለእኔ ከጫጩቶቿ የሚበልጥ ፎቶ የለም።

ብቻችሁንም አትግቡ። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳትርቁ ይጠልቃል፤ የአስጋሪ መረብም እስክትጠጉት ድረስ አይታይም።