ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት፦ ባሕር ዳር ቤት ወይም ቦታ ላለው ዳያስፖራ

እህቴ የደወለችው እኔ ያለሁበት አገር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደንግጬ አነሳሁት። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ስልክ መቼም መርዶ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ሰፈሩን እየለኩት ነው። ካርታው የት ነው ያለው?»

ካርታው እኔ ጋ ነበር። ዋናው ካርታ፣ ባለማኅተሙ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር ተቀምጧል። የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ በሰፈራችን እንደሚጀመር የሚገልጸው ማስታወቂያ ቀበሌው በር ላይ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እህቴ በዚያ በር በየቀኑ በባጃጅ ታልፋለች። ያነበበችው ግን ለሌላ ጉዳይ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ነው።

እንደ ምንም ደረስን። እኔ ሰነዱን በፈጣን ፖስታ ላክሁ፤ ጎረቤቶቻችን አጥሩ ዳር ቆመው ወሰኑን አሳዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሕር ዳር ንብረት ያለውን ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚያነብልህ ማን ነው?

ቤት የሚጠብቅ ሰው ብዙዎቻችን አለን። ኪራይ የሚሰበስብም አለን። ማስታወቂያ የሚያነብ ግን የለንም። አንድ ጊዜ በአግባቡ ከተለጠፈ ወይም በጋዜጣ ከወጣ ደግሞ እንዳነበባችሁት ይቆጠራል። ቀኑ የሚቆጠረው ባሕር ዳር ላለውም ቦስተን ላለውም እኩል ነው። «አልሰማሁም» ማለት ቢሮ ውስጥ አያዋጣም።

ማስታወቂያው የት የት ይወጣል?

መጀመሪያ ቤታችሁ በየትኛው ክፍለ ከተማና ቀበሌ እንዳለ አጣሩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ የምናውቀው አሮጌውን የቀበሌ ቁጥር ነው። አሁን ከተማዋ በክፍለ ከተማ ተደራጅታለች፤ ፋሲሎ፣ ጣና፣ በላይ ዘለቀ፣ ግሽ ዓባይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ አፄ ቴዎድሮስ እየተባለ። ሰው አሁንም «ቀበሌ 14»፣ «ሽምብጥ»፣ «ዓባይ ማዶ» ይላል። ደብዳቤው ግን የሚጻፈው በክፍለ ከተማው ስም ነው። ፋይላችሁ ያለውም እዚያ ነው።

የሰፈር ጉዳይ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የመሬት ጉዳይ በክፍለ ከተማውና በከተማው መሬት መምሪያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የሊዝ ጨረታና የጠፋ ካርታ ማስታወቂያ ደግሞ በኩር ጋዜጣ ላይ ይታተማል። አንዳንዱ በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ሬዲዮ ይነገራል፤ አንዳንዱም በመኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ ሰፈር ለሰፈር ይለፈፋል። የከተማ አስተዳደሩ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ይጠቅማል፤ እሱን ብቻ ማመን ግን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም ክረምት ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ በቴሌግራም ብቻ ይገናኝ የነበረ ሁሉ ጆሮውም ዓይኑም ተዘግቶ ነበር። መደበኛ ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሰዋችሁ ፎቶ ይላክ፤ ፎቶ ካልሄደ ደውሎ ቃል በቃል ያንብብላችሁ።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። እህቴ በፈረንጆቹ ጁላይ 2 ደውላ «እስከ ሠላሳ ነው ያሉት» ብትለኝ፣ ለእኔ ገና አራት ሳምንት ያለ ይመስለኛል። እሷ የምትለው ሰኔ 30ን ነው። ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው። አምስት ቀን ብቻ ቀርቷል ማለት ነው! ወሩን ጭምር አስጠሩ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ «ጨረታው 4 ሰዓት ይከፈታል» ከተባለ ረፋድ ላይ ነው።

ውክልናው

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እኔም ተሳስቻለሁ። ከአገር ስወጣ ለእህቴ «ጠቅላላ ውክልና» ሰጥቼ ነበር። ሁሉን የሚችል መስሎኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቢሮ ይዛው ስትቀርብ መለሷት። በጊዜው በጣም ተናድጄ ነበር። ኋላ ሕጉን ሳነበው ግን ጥፋቱ የወረቀቱ መሆኑ ገባኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ነው ይላል፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ንብረቱን መጠበቅ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት መሸጥ፣ ስጦታ መስጠት፣ በክርክር መታረቅና የመሳሰለው ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ጉዳዩ በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት።

እንግዲህ ስታጽፉ የቦታውን አድራሻና የካርታ ቁጥር አስገቡ። ቀጥሎ ሥራዎቹን አንድ በአንድ አስጠሩ፦ በቀበሌ፣ በክፍለ ከተማ፣ በመሬት መምሪያ፣ በገቢዎች፣ በውኃና በመብራት ቀርቦ ጉዳይ እንዲያስፈጽም፤ በይዞታ ማረጋገጥ ጊዜ ወሰን እንዲያሳይና እንዲፈርም፤ ግብር እንዲከፍል፤ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ፤ ጠበቃ እንዲወክል። ለመሸጥ ካላሰባችሁ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የምትለዋን ሐረግ አታስገቡ። የተዘጋጀ ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ አለች። ሳታነቡ አትፈርሙ። የገዛ ወንድምም ቢሆን! ቤተሰብን ሲያቃቅር ያየሁት ነገር ቢኖር ይህቺ ሐረግ ናት። ባትኖር ኖሮ ዛሬ አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መስጠት ይቀላል። ሩቅ ከሆነባችሁ ባላችሁበት አገር ሕጋዊ አረጋጋጭ ዘንድ ፈርማችሁ፣ በዚያው አገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጦት፣ ከዚያ ኤምባሲያችን ማኅተም ያደርግበታል። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያም በሰነድ ማረጋገጫ ይመዘገባል። ለዚህ ጊዜ መድቡ። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ውክልና ማዘጋጀት ብትጀምሩ አትደርሱም።

ሌላው ራስ ምታት ስም ነው። ካርታው ላይ ያለው ስም በአማርኛ፣ ከነአያት ነው። ፓስፖርቱ ላይ አያት የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ ዜግነት ሲቀየር ደግሞ አንዱ ስም ይወድቃል። ቢሮ ውስጥ ያለው ሠራተኛ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ቀድማችሁ ከውክልናው ጋር አያይዙ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ኮፒም ጨምሩ። በ1994 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለባለመታወቂያው አገር ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራት መብት ሰጥቶታል። ያለዚያች ቢጫ ካርድ ግን ንብረታችሁ ፊት እንደ ባዕድ ልትቆሙ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወካዩ ወይም ተወካዩ ካረፈ ውክልናው ያበቃል። አባታችሁን ተወካያችሁ አድርጋችሁ ከነበረና እሳቸው ካለፉ፣ ያን ወረቀት ይዞ ወንድማችሁ ቢሮ ቢቀርብ ሕገወጥ ሥራ ነው። ውክልና ስትሽሩም ለተወካዩ መንገር ብቻ አይበቃም፤ ለመሬት መምሪያውም ለቀበሌውም በጽሑፍ አሳውቁ።

ሳይዘገይ ምላሽ የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች

አንደኛው ያልኩት የይዞታ ማረጋገጥ ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 818 የከተማ ይዞታ ሁሉ ተረጋግጦ በካዳስተር፣ ማለትም በመሬት ይዞታ መዝገብ፣ እንዲመዘገብ ያዛል። ሥራው ሰፈር በሰፈር ነው የሚሄደው። ተራችሁ ሲደርስ ሰነድ ይቀርባል፣ ጎረቤት ባለበት ወሰን ይመላከታል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፣ ቅሬታ ያለው ይናገራል። ባለቤቱም ወኪሉም ከሌለ አጥሩን የሚያሳየው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤት ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለችውን አንድ ሜትር የእሱ አድርጎ ቢያስብስ?

ሁለተኛው የጠፋ ካርታ ማስታወቂያ ነው። ይዘቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እገሌ በስማቸው የተሰጠው ካርታ ስለጠፋባቸው ምትክ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል፤ ተቃዋሚ ካለ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይቅረብ።» በእገሌ ቦታ የእናንተ ስም ተጽፎ፣ እናንተ ምንም ሳትጠይቁ ይህን ብታዩ፣ አንድ ሰው በስማችሁ እየሠራ ነው ማለት ነው። በዚያው ቀን ወኪላችሁ ዋናውን ካርታ ይዞ በጽሑፍ ይቃወም።

ሦስተኛው ለልማት የሚፈለግ ቦታ ነው። ባሕር ዳር መንገድ እየሰፋባት ነው። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ሲመረቅ ደስ ያላለው የባሕር ዳር ልጅ የለም። ግን መንገድ ሲሰፋ አጥር ይነሳል፤ ቤትም ይነሳል። የካሣውን ጉዳይ የሚገዛው በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነው፤ በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለታል። የንብረት ቆጠራ ሲደረግ የእናንተ ሰው እዚያ ይቁም። ጉድጓዱ፣ አጥሩ፣ የማንጎው ዛፍ ሁሉ ይቆጠር። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነውና ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ጠበቃ አነጋግሩ።

በሊዝ ቦታ የወሰዳችሁ ደግሞ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ቦታን ለዓመታት አጥሮ መተው ውልን ያፈርሳል።

ሳልረሳው፦ በዘንዘልማ ወይም በሰባታሚት በኩል፣ ወይ ሐይቁ ዳር «ከገበሬ ላይ ርካሽ ቦታ ተገኝቷል» ብሎ የሚደውልላችሁ ዘመድ ካለ ገንዘብ አትላኩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመንደር ውል መሬት መምሪያ ዘንድ ዋጋ የለውም። የሚያሳዝነው ዘመዱ ብዙ ጊዜ ሊያጭበረብር አስቦ አይደለም፤ እሱም አምኖ ነው። ገንዘቡ ግን ያው ይጠፋል።

ግብርና ሒሳብ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግብር በየዓመቱ አለ። ቤት ካከራያችሁ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። እናንተ ውጭ መሆናችሁ ከዚህ አያድንም። በ2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ስለጸደቀ፣ ስለ እሱ የሚወጣ ማስታወቂያ ካለ ሰዋችሁ ለይቶ ይላክላችሁ። የተከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አስነሱ፤ ዋናውን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። የመሬት ጉዳይ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ነው።

መብራቱን በቴሌብር መክፈል ይቻላል። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥራችሁ እንዳይዘጋ ግን አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት። የባንኩም የቴሌብሩም የምስጢር ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው።

ሰዋችሁን አትርሱት። ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ባጃጅ ይከፍላል፣ ተራ ይጠብቃል፣ «ነገ ና» ይባላል። ወር በወር የተወሰነ ነገር ይኑረው። ለበዓል የምትልኩት ለየብቻ ይሁን። ሲደክም የሚተካውንም ሁለተኛ ሰው አብራችሁ ወክሉ።

ለዕረፍት ስትመጡ

የመጀመሪያውን ሳምንት በሠርግና በለቅሶ አትጨርሱት። ፋይዳ ለሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ተመዝገቡ፤ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ስለሚወሰድ ራሳችሁ በአካል መቅረብ አለባችሁ፣ ባንኩም ይጠይቃችኋል። መሬት መምሪያ ገብታችሁ ፋይላችሁን አስወጥታችሁ እዩ፤ በስማችሁ መሆኑን፣ ስፋቱ ካርታው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን። ወላጅ ከሞተባችሁ የሞት ምዝገባው መደረጉን አጣሩ። ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ የወራሽነት ጉዳይ ስትጀምሩ ማስረጃው ይፈለጋል። ከጎረቤት ጋር አጥሩን በእግር ዙሩ። ካርታውን ደግሞ ይዛችሁ አትመለሱ። የእኛው አሁን ባሕር ዳር ባንክ ውስጥ ነው፤ እኔ ጋ ያለው ኮፒ ነው።

እህቴ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ቀበሌው በር ላይ ከባጃጅ ትወርዳለች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በሦስት ፎቶ ታነሳና ትልክልኛለች። አብዛኛው እኛን አይመለከትም። ባለፈው ሰኞ የመጣው የውኃ መስመር ጥገና ማስታወቂያ ነበር፤ በሰፈራችን ሁለት ቀን ውኃ አይኖርም ይላል። ለተከራዮቻችን ደውዬ በርሜሉን እንዲሞሉ ነገርኳቸው።