8 በ8 የኤልኢዲ ማትሪክስን ሳይደበዝዝ ማብራት

በመልቲፕሌክስ አሠራር ከ8ቱ ረድፎች በአንድ ቅጽበት የሚበራው አንዱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኤልኢዲ ከጊዜው 1/8ኛውን ብቻ ስለሚበራ፣ 20 ሚሊአምፔር ብትሰጡት አማካዩ 2.5 ይሆናል። ማትሪክሱ የሚደበዝዘው በዚህ ነው። አማካዩን 20 ለማድረስ 160 ሚሊአምፔር ያስፈልጋል፤ ይህን ተራ ኤልኢዲ አይችለውም። ደግነቱ፣ ብሩህ ለሚባሉት ኤልኢዲዎች ቤት ውስጥ በአማካይ 5 ሚሊአምፔር ይበቃል። ስለዚህ በሚበሩበት ቅጽበት 40 ሚሊአምፔር እንስጣቸው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ለአጭር ቅጽበት ይህን መፍቀዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ረድፉ ሙሉ ሲበራ 8 × 40 = 320 ሚሊአምፔር ይፈስሳል። ማትሪክሱን በፕሮግራም የሚያዘው ማይክሮኮንትሮለር፣ ለምሳሌ አትሜጋ328፣ የአንድ ፒኑ ጣሪያ 40 ነው፤ በጥቂት ፒኖች 8 መውጫዎችን ለማዘዝ የሚያስችለው ቺፕ 74ኤችሲ595 ደግሞ በጠቅላላው 70 ገደማ ብቻ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ድምቀት ፍለጋ ሬዚስተሩን እየቀነሰ ቺፑን ያስጨንቃል። ውጤቱ የቺፕ መጋል ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ ነጥብ የበራበት ረድፍ ይደበዝዛል፣ ጥቂት ነጥብ ያለው ይደምቃል።

ረድፎቹ አኖድ (የኤልኢዲው ፖዘቲቭ ጫፍ) በሆኑበት ማትሪክስ፣ ለየረድፉ በ4.5 ቮልት ጌት (መቆጣጠሪያ እግሩ) በደንብ የሚከፈት ፒ-ቻናል ሞስፌት፣ ማለትም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር፣ አድርጉ፤ ከጌቱ ወደ 5 ቮልት 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይሰካ፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ገና ሲነሳ ረድፎቹ ጠፍተው ይቆያሉ። ለዓምዶቹ ከፍ ያለ ከረንት የሚችለውን የ595 ዓይነት ቺፕ፣ ቲፒአይሲ6ቢ595ን፣ ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱ መውጫው 150 ሚሊአምፔር ይሸከማል። ቀዩ ኤልኢዲ 2.1 ቮልት፣ ቺፑ 0.2 ቮልት ገደማ ስለሚወስዱ፦ (5 − 2.1 − 0.2) ÷ 0.04 = 67.5፤ 68 ኦም ይሆናል። ሬዚስተሩ የግድ በየዓምዱ ይግባ። ረድፉ ላይ አንድ ብቻ ካደረጋችሁ ከረንቱን የበሩት ነጥቦች ይካፈሉታል፣ ድምቀቱም ከምስል ምስል ይለዋወጣል።

ማይክሮኮንትሮለሩ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ከሆነ በመካከል ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ቺፕ፣ ለምሳሌ 74ኤችሲቲ245፣ አስገቡ። ያለበለዚያ በጌቱና በ5 ቮልቱ መካከል 1.7 ቮልት ልዩነት ስለሚቀር ሞስፌቱ በትክክል ላይዘጋ ይችላል።

ምስሉ እንዳይርገበገብ ቢያንስ በሰከንድ 100 ጊዜ ሙሉውን አድሱ፤ ለአንድ ረድፍ 1.25 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ይህን በታይመር ኢንተራፕት፣ ማለትም ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ዋናውን ፕሮግራም አቋርጦ በሚሠራ ኮድ፣ አድርጉት። ዋናው ፕሮግራም ውስጥ በመዘግየት ትእዛዝ ከሠራችሁት ሌላ ሥራ በገባ ቁጥር አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ ይደምቃል።

በአጎራባች ረድፍ ላይ ደብዛዛ ጥላ ከታየ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። የቲፒአይሲ6ቢ595ቱን ጂ ፒን (መውጫዎቹን የሚያበራና የሚያጠፋውን) ከፍ አድርጋችሁ ዓምዶቹን አጥፉ፤ አሮጌውን ረድፍ ዝጉ፤ አዲሱን ዳታ አስገብታችሁ ላች አድርጉ (ወደ መውጫዎቹ አሳልፉት)፤ አዲሱን ረድፍ ክፈቱ፤ ከዚያ ጂን ዝቅ አድርጉ። ጥላው ካልጠፋ፣ ዓምዶቹ ጠፍተው የሚቆዩበትን ጊዜ በጥቂት ማይክሮሰከንድ አርዝሙ።

ፕሮግራሙ ቢቆም አንድ ረድፍ 40 ሚሊአምፔሩን ያለማቋረጥ ይቀበልና ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ኮዱ እስኪስተካከል በ470 ኦም ሬዚስተሮች ሞክሩ፤ 68ቱን ከዚያ በኋላ ተኩ፣ ፕሮግራሙ ሲቆም ማይክሮኮንትሮለሩን እንደገና የሚያስነሳውን ዋችዶግም አብሩ። በየቺፑ አጠገብ 100 ናኖፋራድ፣ በማትሪክሱ መግቢያ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ።

ወደ 16 ረድፍ ስታድጉ ድርሻው 1/16 ይሆንና ድምቀቱ በግማሽ ይወርዳል። ረድፎቹን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለቱን ባለ 8 ረድፍ አጋማሾች በአንድ ጊዜ ቃኙ፤ ለሁለተኛው አጋማሽ ሌላ የዓምድ ቲፒአይሲ6ቢ595 ጨምሩ።