ፒያሳን ከላይ ወደ ታች ተጓዙት

ፒያሳን ለእንግዳ ልታሳዩ ካሰባችሁ ከአራዳ ጊዮርጊስ ጀምሩ። ጠዋት፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ። ከታች ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ከወጣችሁ ግን፣ ግማሹን ሰዓት ትንፋሽ ስትሰበስቡ ታሳልፋላችሁ።

ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከአድዋ ድል በኋላ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ጫማ ስለምታወልቁ ካልሲያችሁን አስቀድማችሁ እዩ፤ እኔ አንድ ጊዜ በቀዳዳ ካልሲ ጉድ ሆኛለሁ። የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ሳታዩ እንዳትወጡ።

ከዚያ አደባባዩ ላይ የምኒልክ ሐውልት አለ። በወረራው ጊዜ ጣልያን አውርዶ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ይህን ታሪክ ለእንግዳችሁ ከፈረሱ ሥር ሆናችሁ ንገሩት፣ ስሜቱ ሌላ ነው።

እዚያው አጠገብ በየካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ሰፊ ስለሆነ ችኩል አትሁኑ፤ መታወቂያም ያዙ። ማዘጋጃ ቤቱን ከውጭ ማየት ይበቃል።

መጨረሻችሁ ጣይቱ ሆቴል ይሁን። በ2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ተጠግኗል። ማኪያቶ እዘዙና እግራችሁን አሳርፉ። በ2016 ብዙ አሮጌ ቤት ስለፈረሰ፣ «ከእገሌ ሱቅ ጎን» የሚለው የድሮ አቅጣጫ አይሠራም፤ ካርታውን ስልካችሁ ላይ ክፈቱ።