ዓባይን ማወቅ ለምትፈልጉ፦ ከመሻገሪያዎቹ ጀምሩ

ስለ ዓባይ ብዙ ይወራል፤ አብዛኛው ወሬ ግን ግድቡ ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ወንዙን ከነመልኩ ከነታሪኩ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሰው ሊሻገረው የታገለባቸውን ቦታዎች ተከተሉ።

መጀመሪያ ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። ጎጃም ሰከላ ውስጥ የወንዙን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን ፈልጉ። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ከባሕር ዳር ሲወጣ ግን በቀጥታ ወደ ሱዳን የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ የጮቄን ተራራ ይዞርና ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው። በጣታችሁ ተከተሉት። ጎጃም በወንዙ ተከባ ታገኟታላችሁ። ይህን ካያችሁ የድሮ ነገሥታት ለምን ክረምቱን በአንድ ቦታ ከርመው በጋን ይጠብቁ እንደነበር በቀላሉ ይገባችኋል።

ቀጥሎ የዓባይን ሸለቆ አቋርጣችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሂዱ። በቀን ይሁን፤ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ላይ ጃኬት ለብሳችሁ የነበራችሁ ሰዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። መንገዱ የቆረጠውን ግድግዳ ልብ በሉ፦ አናቱ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰም፣ ከታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው። አዎ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን እዚህ ባሕር ነበር! በኋላ ላቫ ከላይ ፈሰሰበት፣ ምድሩም ከፍ አለ፣ ወንዙ ደግሞ እየቆረጠ እዚህ ድረስ ወረደ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የጂኦሎጂ ክፍል የለም። ታች አሮጌው ድልድይ አለ፤ ከጎኑ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ቆሟል።

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወረድ ብሎ ደግሞ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ ታሪኩ ሌላ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል።

ፏፏቴውን ከቻላችሁ ሁለቴ እዩት፣ ነሐሴ ላይና መጋቢት ላይ። በክረምት ውሃው ቡናማ የሚሆነው የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው። በበጋ የሚሳሳው ደግሞ ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫም ይጠለፋል።

የተጓዦችን ማስታወሻ ስታነቡ ተጠንቀቁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ደርሶ ምንጩን ካዩት አውሮፓውያን ቀዳሚው እኔ ነኝ ቢልም ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ነበር። የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ያውቀዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ የትኛው መልካ በየትኛው ወር ይሻገሩታል? ከብት የሚያሻግሩ ዋናተኞች ነበሩ ወይ? ሙላቱ እስከ የትኛው ድንጋይ ይደርሳል? ድንጋዩን ካሳዩአችሁ ፎቶ አንሱትና ቀኑን ጻፉበት።