በጎንደር የስንዴ ማሳዎች ሊወገዱ የሚገቡ የናይትሮጅን አጠቃቀም ስህተቶች

በወገራ፣ በዳባትና በደምቢያ ስለ ስንዴ ማዳበሪያ ሲመከር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ለሄክታር ስንት ኩንታል ይበቃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ናይትሮጅኑ በምን መልክ ወደ ሥሩ እንደሚደርስ ካልታወቀ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የናይትሮጅን ምንጮችን ሁሉ እንደ አንድ መቁጠር ነው። ስንዴ ናይትሮጅንን በዋናነት የሚወስደው በናይትሬትና በአሞኒየም መልክ ሲሆን፣ ሁለቱ በተክሉ ውስጥ የሚያልፉበት መንገድ ይለያያል። ናይትሬት በኢንዛይሞች አማካይነት መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ አሞኒየም መለወጥ ስላለበት ተክሉን ተጨማሪ ጉልበት ያስወጣዋል፤ ትርፉ ግን በሕዋሱ ውስጥ ያለ ጉዳት ሊቀመጥ ይችላል። አሞኒየም ይህ ድካም የለበትም፤ ሆኖም ሲጠራቀም መርዝ ስለሚሆን፣ ስንዴው በፎቶሲንተሲስ ያገኘውን ካርቦን እየከፈለ በአብዛኛው እዚያው ሥሩ ላይ ግሉታሚን ወደተባለ አሚኖ አሲድ ሊለውጠው ይገደዳል። በዚህ ምክንያት አሞኒየም ብቻ በብዛት የሚያገኝ ስንዴ ሥሩ ያጥራል፤ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ሁለቱን በቅይጥ ያገኘ ስንዴ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ያድጋል።

ሁለተኛው ስህተት ዩሪያን በመሬቱ ገጽ ላይ በትኖ መተው ነው። ከክብደቱ 46 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ ያለው ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ሲያፈርሰው ከፊሉ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይበናል። ስለዚህ አፈር ማልበስ፣ ወይም በቂ ዝናብ ሊጥል ሲል መጨመር ያስፈልጋል። አሲዳማ በሆነ የደጋ መሬት ላይ ኖራ መጨመር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኖራና ዩሪያ በአንድ ጊዜ በገጹ ላይ ከተበተኑ ብክነቱ ይብሳል።

በደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ ሙሉውን መጠን በዘር ወቅት መጨረስም እንዲሁ ያከስራል። ናይትሬት ከሸክላ አፈር ጋር አይጣበቅም፤ ማሳው ውኃ ሲቋጥር አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ስንዴው ከሥሩ ሲያቆጠቁጥ መስጠትና ትርፉን ውኃ በቦይ ማውጣት ይሻላል።

ያልበሰበሰ ጭድ ከዘር ጋር መቅበርም ለጊዜው ይጎዳል፤ ጭዱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ከስንዴው ይሻሙታልና። ፍግ ከሆነ ቀድሞ ይብላላ፤ ባቄላ የተዘራበት መሬት ደግሞ ለቀጣዩ ስንዴ ናይትሮጅን ያቆያል።

በመጨረሻም የቅጠል መቢጨት ሁሉ የዩሪያ እጥረት አይደለም። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ስለሚዘዋወር እጥረቱ መጀመሪያ የሚታየው በታችኞቹ፣ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ ነው። ቢጫው በለጋዎቹ ላይ ከጀመረ ሰልፈር መጠርጠር አለበት፤ ዩሪያ ሰልፈር የለውም፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር የተቀላቀሉበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ግን 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። በዚህ ጊዜ ዩሪያ መደራረብ ጉድለቱን አይሞላም፤ ከመጠን ያለፈው ናይትሮጅንም አገዳውን አለስልሶ ስንዴውን ለመጋሸብ፣ ማለትም ተኝቶ ለመውደቅ ይዳርገዋል።