ሆስፒታል ውስጥ የያዘ የሳምባ ምች፦ አንቲባዮቲኩ ስንት ቀን ይሰጥ? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ታካሚ ከተኛ 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ የሚይዘው የሳምባ ምች አስቸጋሪ ነው። ጀርሞቹ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የለመዱ፣ ማለትም መድኃኒቱ በቀላሉ የማይገድላቸው ናቸው። ሐኪሙም አስታማሚውም ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ችግሩ የመድኃኒቱን ቀን ፍርሃት ሲወስነው ነው።

ትልቁ ስህተት «ለማንኛውም 14 ቀን ይሙላ» ማለት ነው። በ2016 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ ለአብዛኛው ታካሚ 7 ቀን ይበቃል ይላል። በ2003 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ሳሉ የሳምባ ምች የያዛቸውን 401 ታካሚዎች 8 ወይም 15 ቀን በማከም አወዳድሮ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ተቀራራቢ ሆነ። ኢንፌክሽኑ ከተመለሰባቸው ውስጥ ግን ብዙ መድኃኒት የለመደ ጀርም ይበልጥ የተገኘው 15 ቀን በወሰዱት ላይ ነው። እርግጥ እንደ ፕሱዶሞናስ ያሉ ጀርሞች በ8 ቀኑ ቡድን በብዛት ተመልሰዋል። መመሪያው ለእነሱም 7 ቀን ነው የሚለው። እኔ ግን መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም እነዚህን ታካሚዎች በቅርብ መከታተል ይገባል እላለሁ።

ራጁ እስኪጠራ መጠበቅ ሌላው ነው። ሐኪሞች ታካሚዎችን በሚጎበኙበት የዙር ሰዓት ፊልሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይያዛል፣ «ጥላው አልጠፋም» ይባላል፣ ሜሮፔነም የተባለው አንቲባዮቲክ ይቀጥላል። ታካሚው ግን ትኩሳቱ ለቆታል፣ ኦክስጅኑ ተነስቶለታል፣ ምግብም ጀምሯል። ጥላው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መታየት ያለበት ሰውየው ነው።

ቀን አቆጣጠርም ያሳስታል። ሕክምናው ሴፍትሪያክሶን በተባለው አንቲባዮቲክ ተጀምሮ፣ ካልቸሩ (ከታካሚው ናሙና ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ጀርሙ ሴፍትሪያክሶንን እንደለመደ ካሳየ፣ አንደኛው ቀን የሚሠራው መድኃኒት የተጀመረበት ነው። ለዚህም ናሙናው የሚቻል ከሆነ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይወሰድ። ውጤቱም ላቦራቶሪ ተቀምጦ አይቅር።

7 ቀንን የማይነካ ሕግ ማድረግም ስህተት ነው። ሳምባው መግል ከቋጠረ ወይም ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም ደም ውስጥ ከገባ ሕክምናው ይረዝማል። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደም ዝም ብሎ ሌላ ሳምንት መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ምክንያቱ ይፈለግ፤ ምናልባት በሽታው ከነጭራሹ የሳምባ ምች አይደለም።

አስታማሚዎች፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታስቁሙ። ግን ሐኪሙን «መቼ ነው የሚያበቃው?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ሜሮፔነም አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ያላስፈለገ አንድ ቀን ማለት ሦስት መርፌ፣ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የሦስት መርፌ ገንዘብ ነው። ሐኪሞችም የማቆሚያውን ቀን ካርዱ ላይ ጻፉት፤ ተረኛው ሲቀየር ቀጣዩ ሰው ያየዋል።