እንጀራ ጋግረው ለሱቅ የሚያስረክቡ ድርጅቶች በእንግሊዝ አገር የፍሳሽ ፈቃድ ሲጠይቁ፦ ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የውሃ ኢንዱስትሪ ሕግ፣ በንግድ ቦታ በሥራው ሂደት የተፈጠረ ማንኛውም ፈሳሽ፣ ዝቃጭ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ያለ ፍሳሽ ኩባንያው ፈቃድ ወደ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር እንዳይለቀቅ ይከለክላል። የሠራተኞች መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ እንደ ቤት ፍሳሽ ስለሚቆጠሩ ከዚህ ውጭ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች እንጀራ በብዛት ጋግረው ለሱቅና ለምግብ ቤት ለሚያከፋፍሉ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። አንዳንዱ ነጥብ ግን መኪና ወይም ልብስ ለሚያጥቡም ያገለግላል። ከታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ አመልካቹ የሚጽፈው ስለ ደህናው ቀን ሲሆን ሕጉም ሆነ መርማሪው የሚጠይቁት ግን ስለ ከፋው ሰዓት ነው።

ምልክት፦ «ምግብ ቤት ነን፣ ፈቃድ አያስፈልገንም» ብለው ሲሠሩ ቆይተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰዎ።

ምክንያቱ ሥራው ሳይታወቅ ዓይነቱን መቀየሩ ነው። ደንበኛ ተቀምጦ የሚበላበት ምግብ ቤት ከወጥ ቤቱ የሚለቀው ውሃ በተለምዶ እንደ ቤት ፍሳሽ ይታያል። ሕጉ ግን ከልብስ ማጠቢያ ድርጅት፣ እንዲሁም ከቦታው ውጭ የሚበላ ምግብ ወይም መጠጥ ከሚያዘጋጅ ድርጅት የሚወጣውን ፈሳሽ ከቤት አገልግሎት ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ በጓሮ ሁለት ምጣድ ጨምሮ ለሰፈሩ ሱቆች እንጀራ ማስረከብ የጀመረ ምግብ ቤት፣ በሩ ላይ ያለው ስም ባይለወጥም፣ በፍሳሽ በኩል አምራች ሆኗል ማለት ነው።

መፍትሄው ደብዳቤውን በስልክ ለማስረዳት ከመሞከር ይልቅ ወዲያውኑ ማመልከት ነው። ያለ ፈቃድ መልቀቅ በወንጀል የሚያስከስስና በገንዘብ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ፈቃዱ እስኪደርስ ድረስ ከባዱን ፈሳሽ፣ ማለትም የተጣለ ሊጥንና የመጀመሪያውን እጣቢ፣ በበርሜል ወይም በታንክ አጠራቅሞ በተመዘገበ ቆሻሻ አጓጓዥ ማስወሰድ ያስፈልጋል። ከምግብ ቤቱ ሥራ ጎን ለጎን ጥቂት እንጀራ ብቻ ለሚሸጥ ሰው ኩባንያው ፈቃድ አያስፈልግም ሊል ይችላል፤ ይህ ከሆነ ግን መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ምልክት፦ ማመልከቻው ተመለሰ፣ ወይም ሳምንታት አልፈው መልስ ጠፋ።

አንዱ ምክንያት የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ወዲህ በእንግሊዝ አገር ያሉ ድርጅቶች የውሃና የፍሳሽ ሂሳባቸውን የሚከፍሉት ራሳቸው ለመረጡት የችርቻሮ ኩባንያ ሲሆን፣ ቧንቧውንና የማጣሪያ ጣቢያውን የያዘው ግን የጅምላው ኩባንያ ነው፤ ለለንደን ይህ ቴምዝ ዋተር ነው። ማመልከቻው በችርቻሮው በኩል ይገባል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ደግሞ ጅምላው ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወረቀቱ በመሃል ሲንከራተትበት ይቆያል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የተለመደው ምክንያት የመረጃ ጉድለት ነው። ሕጉ ማመልከቻው ሦስት ነገሮችን እንዲገልጽ ያዛል፦ የፈሳሹን ዓይነት ወይም ይዘት፣ በአንድ ቀን የሚለቀቀውን ከፍተኛ መጠን፣ እና የሚለቀቅበትን ከፍተኛ ፍጥነት። ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ በቀን 4,000 ሊትር የሚለቅ ዳቦ ቤት መጠኑን ለአሥር የሥራ ሰዓት አካፍሎ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.11 ሊትር ነው ብሎ ይሞላል። ይሁንና ማታ 600 ሊትር የሚይዘው የሊጥ ታንክ ታጥቦ በአሥር ደቂቃ ሲለቀቅ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ከተጻፈው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። ፈቃዱ በተጻፈው ቁጥር መሠረት ከወጣ ድርጅቱ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ከፈቃዱ ውጭ ይሠራል።

ስለሆነም ቅጹ ከመሞላቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን፣ በተለይም ሥራ የሚበዛበት የበዓል ዋዜማ፣ ቆጣሪውን በየሰዓቱ እያነበቡ መመዝገብ ይጠቅማል። ከማመልከቻው ጋር የትኛው መታጠቢያ በየትኛው ቧንቧ አልፎ ወደ የትኛው ማንሆል እንደሚገባ የሚያሳይ ንድፍ፣ የጽዳት ኬሚካሎች ዝርዝርና የደኅንነት መግለጫቸው አብረው ቢቀርቡ ጥያቄና መልሱ ያጥራል። ናሙና የሚወሰድበት ቦታም ከመጸዳጃ ቤቱ መስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት የሚገኝ መሆን አለበት፤ ይህ ከሌለ የፍተሻ ማንሆል ማሠራት የፈቃዱ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ሜርኩሪና ካድሚየምን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ፈሳሽ ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የሚመራበት የተለየ ሥርዓት አለ፤ እንጀራ ጋጋሪን ግን ይህ አይመለከተውም።

የተሟላ ማመልከቻ ለጅምላው ኩባንያ ከደረሰ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ፈቃድ ካልተሰጠ፣ ወይም ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ፣ ወይም የተቀመጠው ግዴታ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ኦፍዋት ለተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ለዚህም ሲባል ማመልከቻው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ይገባል።

ምልክት፦ ናሙናው ወደቀ፤ ፈሳሹ አሲድ ነው፣ ጥንካሬውም ከገደቡ አልፏል ተባለ።

ለእንጀራ ሥራ ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ፈቃዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)፣ ወሰን ከ6 እስከ 10 ነው። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ግን ፒኤቹ ወደ 4 ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። በሊጡ ላይ ቋሮ የሚገኘው ቢጫማ ውሃ፣ አብሲት ከመጣሉ በፊት እናቶቻችን ቀድተው የሚደፉት፣ በቤት ደረጃ ማንንም አይጎዳም። በማምረቻ ደረጃ ግን በአንድ ጊዜ በመቶ ሊትር የሚቆጠር አሲድ ወደ ቧንቧው ይገባል ማለት ነው፤ አሲድ ደግሞ የሲሚንቶ ቧንቧን እየበላ ይሄዳል።

ጥንካሬው የሚለካው ሲ.ኦ.ዲ. በሚባለው መጠን ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የሚበሰብስ ነገር ለማቃጠል ስንት ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። አንድ ኪሎ ዱቄት ከነሊጡ ወደ ቧንቧ ቢደፋ አንድ ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይጠይቃል። በሊትር 500 ሚሊ ግራም ያህል ሲ.ኦ.ዲ. ካለው ተራ የቤት ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር፣ ያ አንድ ኪሎ ብቻውን የ2,000 ሊትር ፍሳሽ ሸክም ነው። ከቡሖቃው ጎን ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ሊጥ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህን ስሌት ላላየ ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ መሣሪያ መግዛት ሳይሆን የአስተጣጠብ ለውጥ ነው። ታንኩ ሲገለበጥ ወዲያው ውሃ አይለቀቅበት። በመጀመሪያ በላስቲክ መጥረጊያ ጎንና ሥሩ ተጠርጎ፣ ሊጡ በባልዲ ተሰብስቦ ከምግብ ተረፈ ምርት ጋር ይውጣ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 31 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር አሥርና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የምግብ ተረፈ ምርትን ለይተው የማስወሰድ ግዴታ ስላለባቸው፣ የሚሰበሰብበት ዕቃ በግቢው ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ከዚያ በጥቂት ውሃ የሚደረገው የመጀመሪያው እጣቢ ለብቻው ይያዝ፤ አብዛኛው ቅሪት ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ከዚህ በኋላ የሚፈሰው ውሃ ቀላል ይሆናል።

ይህ ተደርጎም ፒኤቹ ካልተስተካከለ ማመጣጠኛ ታንክ ይተከላል። የአሲዱ እጣቢና አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ የሆነው የምጣድና የወለል ማጽጃ ውሃ እዚያ ተቀላቅለው እርስ በርስ ይስተካከላሉ፣ ፈሳሹም በዝግታ ስለሚለቀቅ ከላይ የተጠቀሰው የፍጥነት ችግር አብሮ ይፈታል። ተጨማሪ ማስተካከያ ካስፈለገ ኮስቲክ ሶዳ ርካሽ ቢሆንም ትንሽ ሲበዛ ፒኤቹን ከ10 በላይ ያስፈነጥረዋል፣ ቆዳና ዓይንም ያቃጥላል። ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ ብሎ የሚሠራና ቢበዛም እንደ ሶዳው ከልክ የማያሳልፍ ስለሆነ፣ ኬሚስት ለሌለበት ቤት እርሱ ይሻላል። በሌላ በኩል ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን መፍትሄ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ አይቀበሉትም፣ የቀኑን መጠን ያሳልፋል፣ ለውሃውም ለፍሳሹም ሁለቴ ያስከፍላል።

ሙቀትንም ማስታወስ ያሻል። ሕጉ ከ110 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ43.3 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ፣ በሙቀቱም አደጋ ወይም ጉዳት የሚያስከትል ፈሳሽ ወደ መስመሩ እንዳይገባ ይከለክላል።

ምልክት፦ የቅባት መለያው ገንዳ ተተክሎም ቧንቧው ይደፈናል።

እንጀራ ብቻ በሚጋገርበት ቤት ቅባት ጥቂት ነው። ወጥም አብሮ የሚሠራ ከሆነ ግን ዘይቱና ቅቤው ሌላ ነገር ነው። ገንዳው ሥራ ላይ እያለ የሚደፈነው በአብዛኛው ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ነው፦ ወይ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሙቅ ውሃ ቅባቱን አቅልጦ ያሳልፈዋል፣ ወይ ገንዳው በጊዜው አይጠረግም። ከላይ የተንሳፈፈው ቅባትና ከሥር የዘቀጠው አንድ ላይ የገንዳውን ጥልቀት ሩብ ሲደርሱ መጥረግ ይመከራል። አዲስ የሚተከል ከሆነ በአውሮፓ መለኪያ ኢ.ኤን. 1825 መሠረት መጠኑ የተሰላ ይሁን። የወሰደው አጓጓዥ የሚሰጠው የርክክብ ወረቀት ለሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ መርማሪ ቀድሞ የሚጠይቀውም እርሱን ነው።

ምልክት፦ ፈቃዱ ወጣ፣ የፍሳሽ ሂሳቡ ግን ከገመቱት በላይ ሆነ።

ክፍያው የሚሰላው በምዕራብ ለንደን በሚገኘው የሞግደን ማጣሪያ ጣቢያ ስም በሚጠራ ቀመር ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ላይ ለመቀበያና ለማጓጓዣ አንድ ዋጋ፣ ለመጠኑ አንድ ዋጋ ይታሰባል። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ፤ የእርስዎ ፈሳሽ ሲ.ኦ.ዲ. ከአካባቢው አማካይ ፍሳሽ ስንት እጥፍ እንደሆነ ተሰልቶ በባዮሎጂያዊ ማጣሪያው ዋጋ ይባዛል፣ የዝቃጩም መጠን እንዲሁ በዝቃጭ ማስወገጃው ዋጋ ይባዛል። እንግዲህ ሊጡን ጠርጎ ማስወገድ ናሙናውን ከመውደቅ ማዳን ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ሂሳብ መቀነስ ነው። ሂሳቡ የተመሠረተው በማታ እጥበት ሰዓት በተወሰደ አንድ ናሙና ላይ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በየተወሰነ ጊዜ ተቀድቶ የተቀላቀለ ናሙና እንዲወሰድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈቃዱ የሚፈተነው በከፋው ሰዓት ቢሆንም ሂሳቡ ግን የፈሳሹን ጠቅላላ ጠባይ መከተል አለበት።

ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር የመጠኑ አቆጣጠር ነው። የተለየ የፍሳሽ መለኪያ ከሌለ መጠኑ የሚገመተው ከገባው የቧንቧ ውሃ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ግን ከገባው ውሃ ከፍ ያለ ድርሻ ወደ ፍሳሽ አይመለስም፤ የተወሰነው ምጣዱ ላይ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው እንጀራው ውስጥ ሆኖ ሱቅ ይገባል። ለዚህ ቅናሽ በችርቻሮ ኩባንያው በኩል ይጠየቃል። ማስረጃው ወደ ሊጥ ማቡኪያው በሚሄደው ቧንቧ ላይ የተተከለ ንዑስ ቆጣሪ ንባብና የየቀኑ የዱቄት ፍጆታ መዝገብ ቢሆን ክርክሩ ቀላል ነው። ቆጣሪው የሚጠይቀው ወጪ ከሚያስገኘው ቅናሽ ጋር ሲተያይ፣ በእኔ ግምት በዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚመልስ ዕቃ የለም።

ምልክት፦ በግቢው የሚታጠበው መኪና ወይም ዕቃ ውሃው ወንዝ ገብቷል ተባለ።

ግቢው ውስጥ ያለው ፍርግርግ የዝናብ ውሃ መስመር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይሄዳል። በዚያ በኩል ሳሙናማ ውሃ መልቀቅ በፍሳሽ ፈቃድ የሚሸፈን አይደለም፣ በአካባቢ ጥበቃ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ክዳኖቻቸው ቀለም በተቀቡባቸው ግቢዎች ሰማያዊ የዝናብ፣ ቀይ የቆሻሻ ውሃ መስመር ምልክት ነው። ቀለም ከሌለ ለዚሁ የተሠራ ማቅለሚያ በአንዱ ፍርግርግ ጨምሮ በየትኛው ማንሆል እንደሚወጣ ማየት ይቻላል፤ ይህ ከመደረጉ በፊት ግን ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ማሳወቅ ከአላስፈላጊ ጥሪ ያድናል።

ምልክት፦ ፈቃዱን ይዘው ሲሠሩ ኩባንያው ግዴታውን ሊቀይር መሆኑን ጻፈ።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ኩባንያው ያለ ባለቤቱና ያለ ተጠቃሚው ስምምነት ግዴታዎቹን መቀየር አይችልም፤ በሕዝብ ላይ ሊደርስ የሚችልን ጉዳት ለመከላከል የሚደረገው ለየት ያለ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ለውጡ የሚጸናው ቢያንስ ከሁለት ወር ማስታወቂያ በኋላ ነው፣ ይግባኝም ይፈቀዳል። ደብዳቤው ሲደርስ መጀመሪያ የፈቃዱን ቀን ይመልከቱ፣ ከዚያም የራስዎን የናሙና ውጤቶች ከአዲሱ ገደብ ጋር ያስተያዩ። ውጤቶቹ አስቀድመው ከአዲሱ ገደብ በታች ከሆኑ የሚያከራክር ነገር የለም። በላይ ከሆኑ ደግሞ ማመጣጠኛ ታንኩን ለማስፋት ስንት ወር እንደሚፈጅ ከአቅራቢ በጽሑፍ ያስመጡና ጊዜ እንዲጨመር የሚጠይቀውን ደብዳቤ ከነማስረጃው የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ያስገቡ።